የምለው የለኝም፤ መጻፍ ግን አለብኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ መጻፍ የሚጠይቁ ናቸው። አንዷ የላከችው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። መልሱን እየጀመርኩ ደጋግሜ ተውኩት። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ስለሆነ ይመስለኛል። ስለዚህ ለእሷ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሌሎቻችሁን ደግሞ በየተራ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ችግሬን ሳስበው ችግር መሆኑን ራሱ እጠራጠራለሁ። ማታ ማታ ቤቱ ጭጭ ሲል መጻፍ ያምረኛል። ያምረኛል ስል ቀላል እንዳይመስልዎት። ካልጻፍኩ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። ደብተሬን አወጣለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የምጽፈው ታሪክ የለኝም። ፍቅር አልያዘኝም፣ ማንም አልከዳኝም፣ አልተሰደድኩም፣ ይሄ ነው የሚባል መከራም አልደረሰብኝም። ግጥም አልሞክርም። አንዳንዴ ስሜን ደጋግሜ እጽፋለሁ። አንዳንዴ "ምን ልጻፍ፣ ምን ልጻፍ" እያልኩ ገጹን እሞላዋለሁ። ከዚያ አፍሬ እቀድደዋለሁ።

አንድ ማታ እህቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። "ምንድን ነው የምትጽፊው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። እውነቴን ነበር። "ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ጋሼ፣ የሚለው የሌለው ሰው መጻፍ ለምን ያምረዋል? በሽታ ነው? ልተወው? ወይስ ዝም ብዬ ልቀጥል?

ገጽ ቀዳጇ ነኝ

መልስ

ልጄ፣ አትተዪው። መጀመሪያ ይሄን ልበልሽና ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ ከልክ ያለፈ የመጻፍ ግፊት በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዋክስማንና ጌሽዊንድ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ያለማቋረጥ እንደሚጽፉ መዝግበዋል። ገጽ በገጽ፣ ደብተር በደብተር ይጽፋሉ። አንቺ ግን ቀን ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ ማታ አንድ ገጽ ጽፈሽ ታፍሪያለሽ፣ ትቀድጃለሽ። እነሱን አትመስዪም። ስለዚህ ይሄን ስጋት እዚሁ እንተወው።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። የሌለሽን ስትዘረዝሪ ነው። ፍቅር የለም፣ ክህደት የለም፣ ስደት የለም፣ መከራ የለም። ዝርዝሩን መለስ ብለሽ እዪው። የመጽሐፍ ጀርባ ሽፋን ላይ የሚጻፉ ነገሮች ናቸው። ሰው የሚጽፈው እነዚህ ሲደርሱበት ብቻ ነው ብሎ ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ አንቺ ግን አምነሽዋል። "የምለው የለኝም" ስትዪ በልብሽ ያለው "ለሰው የማውጀው የለኝም" የሚል ይመስለኛል። ቤቱ ጭጭ ባለ ሰዓት ደግሞ አዋጅ የሚጠብቅ ሰው የለም። እኔ እንደሚገባኝ በዚያ ሰዓት እጅሽን የሚበላሽ ነገር ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጥር ስትደምሪ፣ ለሰው ጥያቄ መልስ ስትሰጪ ትውያለሽ። ማታ የራስሽ ድምፅ ተራ ይጠይቃል። ምን እንደሚል ገና አላወቀም። ተራውን ግን ይፈልጋል።

ፍራንዝ ካፍካ ፕራግ ውስጥ የሠራተኞች የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር። ቀን ፋይል ያገላብጣል፣ ማታ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1912 ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ ምንም እንዳልጻፈ ጻፈ። በማግስቱም ከሞላ ጎደል ምንም እንዳልጻፈ ጻፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ያው ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተቀምጦ፣ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይነሳ፣ አንድ ሙሉ ታሪክ በአንድ ሌሊት ጨረሰ። እነዚያ ባዶ ቀናት ያንን ሌሊት አመጡት አልልሽም። ይሄን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነው። ምንም አልጻፍኩም የሚል ሰው፣ ያንኑ ለመጻፍ ደብተር መክፈቱ። ያቺን አጭር መስመር ባየኋት ቁጥር ልቤ ይነካል። አንቺ ቀኑን ጽፈሽ ስታቆሚ ከእሱ የሚለይሽ ያቺ አንዲት መስመር ናት።

ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሐሳብ ይመጣል፣ ቀጥሎ ብዕር ይነሳል ብሎ ያስባል። ሮበርት ቦይስ የሚባል የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ይሄን ፈትኖታል። መጻፍ ያቃታቸውን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሰብስቦ በሦስት ቡድን ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ምንም እንዳይጽፉ ተከለከሉ። ሁለተኛዎቹ ስሜቱ ሲመጣላቸው እንዲጽፉ ተነገራቸው። ሦስተኛዎቹ ስሜቱ መጣም አልመጣም በተቀጠረው ሰዓት መጻፍ ግዴታ ሆነባቸው፤ ካልጻፉ ለሚጠሉት ድርጅት ገንዘብ ይልካሉ። ብዙ ገጽ የጻፉት እነዚህ መሆናቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው የሐሳቡ ነገር ነው። እንዳይጽፉ የተከለከሉት አዲስ ሐሳብ የሚመጣላቸው በአምስት ቀን አንዴ ገደማ ነበር። ስሜት የጠበቁት በሁለት ቀን አንዴ። ተገደው የጻፉት በየቀኑ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹ 27 ብቻ ነበሩ። ቢሆንም እኔ በሥራዬ ካየሁት ጋር አንድ ነው።

ለብዙ ዓመት የሰው ጽሑፍ አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእጅ የተጻፈ፣ በታይፕ የተመታ፣ ኋላም በኮምፒውተር የመጣ ረቂቅ አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኝ ነበር። ጽሑፉ ከልቡ የሚጀምረው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። የፊተኞቹ ሁለት ገጾች ንግግር የሚያደርግ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳና ሁለቱን ገጽ እሰርዛለሁ። ጸሐፊዎቹ ይቆጣሉ። "ታዲያ ለምን ጻፍኩት?" ይላሉ። ሦስተኛውን ገጽ ያመጣው እሱ ነዋ! ሁለቱ ገጽ ባይጻፉ ሦስተኛው ከየት ይመጣል? ጭንቅላታችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ሲወርድ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ያ ሌላው ደግሞ መኖሩን እንኳ የማናውቀው ሊሆን ይችላል። አንቺ በየማታው የምትቀድጂው የመጀመሪያውን ገጽ ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ትጀምሪና አንድ ላይ ታቆሚያለሽ።

"ምን ልጻፍ፣ ምን ልጻፍ" እያልሽ ገጽ መሙላትሽ አሳፍሮሻል። እንዳያሳፍርሽ። እሱ በትምህርት ቤት ጭምር የሚሰጥ ዘዴ ነው። ፒተር ኤልቦው የሚባል የጽሕፈት መምህር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሰፊው እንዲታወቅ አድርጎታል። ሰዓት ይያዝና አሥር ደቂቃ ይጻፋል። እጅ አይነሳም፣ አይሰረዝም፣ ወደ ኋላ አይነበብም። የሚመጣ ነገር ከጠፋ "ምንም አልመጣልኝም" እየተባለ ይጻፋል፤ ሌላ ነገር እስኪመጣ። አንቺ ማንም ሳያስተምርሽ እዚያ ደርሰሻል። የቀረሽ ትንሽ መቆየት ነው። እጅ አንድ ዓረፍተ ነገር መደጋገም ይሰለቸዋል። እኛ የምንፈልገው ከሰለቸው በኋላ የሚጽፈውን ነው።

ስምሽን ደጋግመሽ መጻፍሽም መነሻ ነው። ሁለተኛው ላይ ቁሚና ጠይቂ። ማን አወጣልሽ? ሊወጣልሽ ታስቦ የቀረ ሌላ ስም ነበር? አሳጥሮ የሚጠራሽ ማን ነው? ሲቆጣ ብቻ ሙሉውን የሚጠራውስ? በዚህ ብቻ አንድ ሳምንት የሚበቃ ጽሑፍ አለ።

እናቴ ታማ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያኔ እኔም የምለው አልነበረኝም። ደብተር ግን ይዤ ነበር። የጻፍኩት ስለ በሩ ነው። ቀለሙ እጀታው ዙሪያ ተልጦ እንጨቱ መታየቱን። አንድ ሰውዬ ጫማው እንዳይጮህ አውልቆ በእጁ ይዞት ማለፉን። አንዲት ነርስ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ይዛ መዳፏ ላይ ቁጥር መጻፏን። ስለ እናቴ አንድ ቃል የለበትም። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያንን ደብተር ሳነበው ግን በየመስመሩ እጅ አለ። በዚያ ሰሞን የሚያስጨንቀኝ የእናቴ እጅ እየቀዘቀዘ መሄዱ ነበር። እሱን መጻፍ አልቻልኩም። የሌላውን ሰው እጅ ሁሉ ግን ጽፌያለሁ። "ምንም" ብዬ የጻፍኩት ገጽ ያን ሰሞን ከጻፍኩት ሁሉ ለእኔ እውነተኛው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ "ምን ልበል?" ብለሽ አትጀምሪ። "ዛሬ ምን አየሁ?" በዪ። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ በቀን ስንት ደረሰኝ በእጅሽ ያልፋል! አንዱን ምረጪ። ቁጥሩን ማን ጻፈው? ሰባትን ወገቧ ላይ ይሰርዛታል ወይስ እንዲሁ ይተዋታል? ከሥር ያለው ወረቀት ላይ እስኪታተም ድረስ አጥብቆ ነው የጻፈው? ድምሩ ላይ የተደለዘ ነገር አለ? ፊርማው ካለፈው ወር ጋር ይመሳሰላል? እንዳየሽው ጻፊው። "የሚያሳዝን"፣ "የሚያምር"፣ "የሚገርም" የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ተያቸው። እነሱ ሲገቡ ዓይን ማየት ያቆማል። ለዘላለም አይደለም፤ ለአሁኑ ደብተርሽ ነው የምልሽ።

የእንቅልፉን ነገር አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ጥናት 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ግማሾቹ የጨረሱትን ሥራ ጻፉ፤ ግማሾቹ ገና የሚቀራቸውን። የሚቀራቸውን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ፈጥነው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንቺም ምናልባት ያላለቀ ነገር ይዘሽ ይሆናል የምትተኚው። ገጹን በነገ ሥራ ዝርዝር ጀምሪው። እሱም መጻፍ ነው፤ አትናቂው።

መቅደዱን ግን እባክሽ ተዪ። ጨርሰሽ ሳታነቢ ክደኚው። ወር ሁለት ወር ይቆይ። ከዚያ ስታነቢው የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስልሻል። አብዛኛው ገለባ ይሆናል፤ ይሁን። አንድ ሕያው መስመር ካገኘሽ ከሥሩ አስምሪበት፣ በሌላ ማታ ከእሱ ጀምሪ። እህትሽ ደግማ ከጠየቀችሽ "እየጻፍኩ ነው" በያት። ይበቃታል። ሰው ሲዘምር ወይም ሲራመድ "ለምን?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ብዕር የያዘ ሰው ብቻ ለምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ አይገባኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዶነቱ ከደብተሩ አልፎ ከሄደ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሰው ካስጠላሽ፣ ጠዋት መነሳት ከከበደሽ፣ ሐኪም አማክሪ። ደብተር ሐኪምን አይተካም። ደብዳቤሽ ላይ ግን ይሄ አይታየኝም። የሚታየኝ ሌላ ነው። የምለው የለኝም ብለሽ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሽልኛል፤ እህትሽም በር ላይ ቆማ ትታየኛለች። እሷን ማን ጻፋት?

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ልጆቼ "አባባ፣ ያየኸውን ጻፍ" ይሉኛል። እኔም ውስጤ ይፈልጋል። ቁጭ ስል ግን ምን አለኝ እላለሁ። ጦር ሜዳ አልዋልኩም፣ ሹመት አላገኘሁም። ስነዳ ኖርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ሁለት መስመር ነው። ምን ይመክሩኛል?

ጡረተኛው ሾፌር

መልስ

ወንድሜ፣ እነዚያን ሁለት መስመሮች ልጆችዎም ያውቋቸዋል። የማያውቁት መሐሉን ነው። ሞተር ከመበላሸቱ በፊት ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ እርስዎ ያውቃሉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል የሚመጣውን ሽታ ያውቃሉ። በጭጋግ ውስጥ የሚመጣው መኪና ትልቅ ይሁን ትንሽ ከመብራቱ ይለያሉ። ረዳትዎ እንቅልፍ ሲጥለው ነቅተው ለመቆየት ምን ያደርጉ ነበር? ያንጎራጉሩ ነበር? ከራስዎ ጋር ያወሩ ነበር? ይሄ ሁሉ ለእርስዎ የዘወትር ስለሆነ ከቁጥር አልገባም። የለኝም ያሉት ለዚህ ነው።

"ተወለድኩ" ብለው አይጀምሩ። ከልደት የሚጀምር ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ይቆማል። በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ። ይልቅ ዝርዝር ይሥሩ። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በጃፓን ቤተ መንግሥት ታገለግል የነበረች ሴይ ሾናጎን የተባለች ሴት ዝርዝር መጻፍ ትወድ ነበር። ልብ የሚያስመቱ ነገሮች፣ የሚያናድዱ ነገሮች፣ እንዲህ እንዲህ እያለች። እስከ ዛሬ ይነበባል። ዝርዝር መግቢያና መደምደሚያ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አያስፈራም። እርስዎም "ሌሊት መንገድ ላይ ያስቆሙኝ ነገሮች" ብለው ርእስ ይጻፉና ከሥሩ ይደርድሩ። "ያሠለጠንኳቸው ረዳቶች።" "የጫንኳቸው እንግዳ ዕቃዎች።" "መኪና ተበላሽቶብኝ ያደርኩባቸው ቦታዎች።" አንዱ ጋ ሲደርሱ በአንድ መስመር አልበቃ ይላል። ያኔ ዝርዝሩን ይተዉትና እሱን ይከተሉት።

ስም ወይም ዓመት ካልመጣልዎት አይቁሙ። ቦታውን ክፍት ትተው ይለፉ። የፊደል ስህተትም አያሳስብዎት፤ ለእሱ አራሚ አለ። እጅዎ ከደከመ ለልጆችዎ ይናገሩና ስልክ ይቅዳው። ግን በኋላ ራስዎ ቁጭ ብለው ወደ ወረቀት ይገልብጡት። ሲናገሩ የዘለሉት ነገር ሲገለብጡ ይመጣልና።

ጥያቄ

ጋሼ ሰላም ነው? ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ አለኝ። በየቀኑ ካልጻፍኩ ሰው ይረሳኛል ብዬ እሰጋለሁ። አሁን አሁን ግን ሐሳብ አልቆብኛል። ያንኑ ነገር እያገላበጥኩ ነው። ባዶ ሆኜም መጻፍ አለብኝ?

ተከታይ የበዛበት

መልስ

ጻፍ። አትለጥፍ።

አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ሰዓቱን ፊቱ ያስቀምጣል። በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠብቃል። በዚህ መንገድ 47 ልብ ወለዶች ጻፈ። ሰዎች ይሄን ታሪክ ሲያወሩ አንድ ነገር ይረሳሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋው የትናንቱን በማንበብ ነበር። አንተ የጎደለህ እሱ ነው። በጻፍከውና ሰው በሚያየው መካከል አንድ ሌሊት እንኳ የለህም።

ባዶ ሆነህ ለሰው ስትጽፍ እጅህ የሰው ቃል ያነሳል። ሁሉም የሚለውን ትላለህ፤ ጭብጨባም አይቀርብህም። እኔ የምፈራልህ ጭብጨባውን ነው። ባዶ ሆነህ ለደብተር ስትጽፍ ግን የሚያጨበጭብ የለም። የሰው ቃል መድገም ራስህን ይሰለችሃል፤ ሲሰለችህ የራስህን መፈለግ ትጀምራለህ። እኔም ለዚህ ዓምድ ማስረከቢያ ቀን አለኝ። ቀኑ ሐሳብ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። ማንም የማያነበው ደብተር ባይኖረኝ ይሄን ያህል ጊዜ አልቆይም ነበር። ለእናንተ የማቀርበው ከዚያ የመረጥኩትን ነው።

ለሁለት ሳምንት ገጽህን ተወው። የሚረሳህ ይርሳህ። ደብተሩን ግን በየቀኑ ክፈት።

ጥያቄ

ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ በቅርቡ አረፈ። ስለሱ መጻፍ እንዳለብኝ ይሰማኛል። ዕዳ ሆኖብኛል። ብዕር ሳነሳ ግን አንድም ቃል አይወጣም። ጋሼ፣ ረስቼው ነው?

ወዳጁ

መልስ

ነፍስ ይማር። አልረሳኸውም። ለላይኛዋ ልጅ ከመለስኩት የአንተ ይለያል። እሷ የያዘችው አልታይ ብሏት ነው። አንተ የያዝከው በዝቶ ነው ከየት እንደምትጀምር የጠፋህ።

ጄምስ ፔነቤከር የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ አደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በተከታዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ወዲያው የባሰ ከፍቷቸው ነበር። ይሄን የምነግርህ ያ ስሜት ሲመጣብህ እንዳትደነግጥ ነው። ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራ ነገርም አይደለም። ሐዘኑ ገና ትኩስ ከሆነ ብትቆይ ማንም አይወቅስህም። እሱም አይወቅስህም።

ስትጀምር ስለ እሱ አትጻፍ። ለእሱ ጻፍ። ስለ እሱ ካልክ ሙሉ ሰውነቱን በቃላት ማቆም ያለብህ ይመስልሃል፤ እሱ ለማንም ይከብዳል። ለእሱ ስትጽፍ ግን ወሬ መንገር ብቻ ነው። ካረፈ ወዲህ የሆነውን ንገረው። መጽሐፎቹን ማን እንደወሰደ፣ ከእሱ የተዋስከው ጃኬት አሁንም አንተ ጋ እንዳለ፣ በሱ ምክንያት እነማን እንደታረቁ። የት እንደተቀመጥክ፣ ከአጠገብህ ማን እንደሌለ። ሲያቅትህ ተው፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ ጽፈህ ስትጨርስ ብቻህን አትሁን። ከመጀመርህ በፊት የምትደውልለትን ሰው አስበህ ያዝ።

ጥያቄ

በእጅ ልጻፍ ወይስ በስልክ?

ችኩሏ

መልስ

ሳታቋርጪ መጻፍ በምትችዪበት። እኔ እጅን እመርጣለሁ፤ መሰረዝ ስለሚያደክም ሰው ወደፊት ይሄዳል። ስልክ ደግሞ ወረፋ ላይም መንገድ ላይም አብሮሽ ነው፤ ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም። በስልክ ከሆነ ግን ከመጀመርሽ በፊት ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። ዓረፍተ ነገሩ እየመጣ ሳለ የሌላ ሰው መልእክት ከቀደመው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም።